ጥምር መለያና ነጠላ ቁጥር በመዝገባችን ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። አነጋገሩ በሀገራችን ለስም የሚሰጠውን ክብር ያሳያል። ነገር ግን መልአክ ያወጣው ስም ወደ መዝገብ ቤት በገባ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ይኸውም «ይህ ስም የዚህ ሰው ብቻ ነውን?» የሚለው ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከበደ ተሰማ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ግብር የከፈለው የትኛው ነው? መሬት የወረሰው የትኛው ነው? ጡረታ የሚገባውስ የትኛው ነው? መዝገቡ ይህን ለመመለስ ካልቻለ የወረቀቱ ብዛትና የጽሕፈቱ ማማር ለባለጉዳዩ አንዳች አይረባውም።

ስለዚህ በየዘመኑ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ከሁለት መንገዶች አንዱን ሲመርጡ ኖረዋል። አንደኛው መንገድ ለየብቻቸው ሲሆኑ የማይለዩትን ነገሮች አጣምሮ መለያ ማድረግ ነው፤ ስምን ከአባት ስም፣ ቤትን ከቀበሌ ጋር እንደማጣመር ያለ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ነገር ብቻውን የሚቆም አንድ ቁጥር መስጠት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የመረጃ ቋት የሚያዘጋጁ ባለሞያዎች የፊተኛውን ጥምር ቁልፍ፣ የኋለኛውን ነጠላ ቁልፍ ይሉታል፤ የትኛው ይሻላል እያሉም ይከራከራሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ይህ ክርክር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። በሀገራችን ቀድሞም የነበረ ሲሆን በተለይ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ከታሪኩም ለዛሬ ሥራ የሚረዳ ፍርድ ለማውጣት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ከሰው ስም እንነሣ። የኢትዮጵያ ልማድ ሰውን በራሱና በአባቱ ስም መጥራት ነው፤ ጥርጥር ሲኖር የአያት ስም ይጨመራል። ይህ እውነተኛ ጥምር መለያ ነው። ነገሥታቱም ከዚህ ሕግ ውጭ አልነበሩም። ምኒልክ የሚለው ስም ብቻውን ስላልለየ ዳግማዊ ተባለበት፤ ዮሐንስ በሚለውም ስም የነገሡት ብዙ ስለ ነበሩ በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛው ተባሉ። ከዚህ ሌላ የፈረስ ስም የሚባል ነበር። አባ ታጠቅ ሲባል ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ሲባል ዐፄ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ዐፄ ምኒልክ መሆናቸውን ሰሚው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንግዲህ የፈረስ ስም አባትም ተራ ቁጥርም ሳያሻው ብቻውን የሚለይ ነጠላ መለያ ነበር ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን የፈረስ ስም የመኳንንትና የጦር አለቆች እንጂ የሕዝብ ሁሉ አልነበረም፤ ገበሬው በአባቱ ስም ሲለይ ኖረ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ይደነግጋል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው አስቦ ነበር። ሕዝቡ ግን የቤተ ዘመድ ስም የሚለውን ሳይቀበል በቀድሞ ልማዱ ጸና። ሕግ አውጪው የመለያ ክፍሎችን ቍጥር ቢጨምርም ሰው ራሱ የማይጠራበት ክፍል በመዝገብ ላይ ብቻ ሊኖር እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

የቀን አቈጣጠራችንም ስለ ጥምር መለያ የሚያስተምረን አለው። ጸሓፊዎቻችን ዘመኑን በወንጌላዊ ስም፣ ማለት በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዘመነ ዮሐንስ ይጠሩታል። በአንድ ጽሑፍ ላይ «በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ» የሚል ብቻ ቢገኝ ዘመኑ አይታወቅም፤ ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ይመለሳልና። ዓመተ ምሕረቱ ከተጻፈ ግን ወንጌላዊው በስሌት ይገኛል። 1952ን ብንወስድ 5500 ሲጨመርበት 7452 ይሆናል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለማይኖረው ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ባለበት የወንጌላዊው ስም ለመለየት ትርፍ ነው፤ ሆኖም ጸሓፊው ዓመቱን ተሳስቶ እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ለመለየት የሚያስፈልገውንና ለማረጋገጥ የሚረዳውን ለያይቶ ማወቅ የመዝገብ ሥራ መጀመሪያ ነው።

አሁን ከሰውና ከዘመን ወደ ቦታ እንለፍ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መንገደኛ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂንና ባቱን ካለፈ በኋላ አዳሚ ቱሉ ይደርሳል። በኦሮምኛ አዳሚ ማለት ቁልቋል፣ ቱሉ ማለት ተራራ ወይም ጉብታ ነው። አዳማ የሚለው የከተማ ስምም ከዚሁ ከቁልቋሉ የመጣ ነው። እንግዲህ ቁልቋሉ ብቻውን አዳሚ ቱሉን ከአዳማ አጥርቶ አይለይም። ቱሉ የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቱሉ ጉዶ የሚባል ደሴት፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድም ቱሉ ቦሎ የሚባል ከተማ አለና። ሁለቱ ቃላት በተጣመሩ ጊዜ ግን ከተማይቱ ተለይታ ትታወቃለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ወረዳው የተመዘገበው ደግሞ አዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ በሚል ረጅም ስም ነው። ኮምቦልቻ ብቻ ቢባል ኖሮ የወሎውም ኮምቦልቻ፣ የሐረርጌውም ኮምቦልቻ ባለቤትነት በጠየቁ ነበር። ጥምር መለያ ምን እንደ ሆነ ለተማሪ ለማስረዳት ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክ የጥምር መለያን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ድካሙንም ያሳያል። አዳማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱስ በተጠቀሰችው ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ሲባሉ ኖረዋል፤ ዛሬም በሕዝቡ አፍ ሁለቱም ስሞች ይሰማሉ። የአስተዳደሩም ወሰን እንደዚሁ ተለዋውጧል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዳማ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በየረርና ከረዩ አውራጃ፣ የዝዋይና የአዳሚ ቱሉ አካባቢ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ውስጥ ነበሩ፤ አውራጃዎቹ ቀርተው ሁለቱም ዛሬ በምሥራቅ ሸዋ ዞን ይገኛሉ። ሻሸመኔም በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ በምዕራብ አርሲ ዞን ተመዝግባለች። ከተማይቱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ አድራሻዋ ግን ተለውጧል።

እንግዲህ አንድ ሰው በልጅነቱ «ናዝሬት፣ የረርና ከረዩ አውራጃ፣ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት» የሚል የትምህርት ማስረጃ ተቀብሎ፣ በጎልማሳነቱ «አዳማ፣ ምሥራቅ ሸዋ፣ ኦሮሚያ» የሚል መታወቂያ ቢይዝ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ከተማ መሆናቸውን ሰው ያውቃል። መዝገቡ ግን ከተማን የሚለየው በስምና በአውራጃ ጥምር ከሆነ እነዚህን ሁለት ከተሞች አድርጎ ይይዛቸዋል። ባለጉዳዩም አንድ መሆናቸውን እንዲያስመሰክር ይገደዳል።

ከዚህ በተቃራኒ ቁጥር እንዴት እንደሚጸና የሚያሳይ ምሳሌ አለን። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ሀገሪቱ በ14 ክልሎች ስትከፈል ትግራይ 1፣ አፋር 2፣ አማራ 3፣ ኦሮሚያ 4፣ ሶማሌ 5፣ ቤንሻንጉል 6 ሆኑ፤ ከ7 እስከ 11 ያሉት በደቡብ የሚገኙት ነበሩ፤ ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14 ተባሉ። በኋላ ከ7 እስከ 11 ያሉት ተዋሕደው አንድ የደቡብ ክልል በሆኑ ጊዜ ቁጥራቸው 7 ሆነ። ጋምቤላ ግን ወደ 8፣ ሐረሪ ወደ 9 አልወረዱም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የክልሎቹን ብዛት 9 ቢያደርግም በስታቲስቲክስ መዝገብ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14 ሆነው ቀጠሉ፤ ድሬዳዋም 15 ተሰጣት። ይህን የሚመለከት ተማሪ «9 ክልል በነበረበት ሀገር 14 የሚል ቁጥር ከወዴት መጣ?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሮቹን እንደ ገና በተራ ለመደርደር ቢሞከር ኖሮ፣ የፊተኛው መዝገብ 8 ያለው ሲዳማን፣ የኋለኛው መዝገብ 8 ያለው ጋምቤላን በሆነ ነበር። የተዘለለው ቁጥር ለዓይን ቅር ቢያሰኝም መዝገቡን ከዚህ ስሕተት አድኖታል።

የቀበሌና የቤት ቁጥር ታሪክ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቀረበ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች በቀበሌ ማኅበር እንዲደራጁ ካደረገ ወዲህ፣ የከተማ ሰው አድራሻ ከተማ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ሆነ። የቤት ቁጥር 120 በየቀበሌው ይኖራል፤ ለመለየት ቀበሌው መጨመር አለበት። ይህ ጥምር ቀበሌዎቹ ባሉበት እስከ ቆዩ ድረስ መልካም አገልግሎት ሰጠ። ሁለት ቀበሌዎች ሲዋሐዱ ግን ሁለት ባለ 120 ቤቶች በአንድ ቀበሌ ይገናኛሉ፤ አንዱ ቁጥሩን መልቀቅ አለበት። በአዲስ አበባ ቀበሌዎቹ በመጀመሪያ ተዋሕደው ኋላም በወረዳ በተተኩ ጊዜ የድሮው አድራሻ በውሎችና በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የመኪና ሰሌዳም ለብዙ ዘመን የተሠራበት በዚሁ ዐይነት ነው፤ «ኮድ 3 ኦሮ» እና «ኮድ 3 አአ» ከሚሉት ኋላ አንድ ዐይነት ቁጥር ሊገኝ ይችል ስለ ነበር ሰሌዳው ይለይ የነበረው የአገልግሎቱ ኮድ፣ የክልሉ ፊደልና ቁጥሩ በአንድነት ሲነበቡ ነው። መኪናው ከክልል ወደ ክልል ሲዛወር ሰሌዳው ይለወጥ ነበር፤ በፋብሪካ የተቀረጸበት 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር ግን ከመኪናው ጋር ይኖራል።

የሳይንስ ሰዎችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። ካርል ሊኔየስ የተባሉት የስዊድን ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1753 ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱን ተክል በሁለት ስሞች፣ ማለት በወገኑና በዝርያው ስም ጠሩት። በአቢያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው የሚታየው ጥላው ሰፊ የሆነ ግራር በዚህ ሥርዓት አካሲያ ቶርቲሊስ ይባል ነበር። በ2005 በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ሊቃውንት ጉባኤ አካሲያ የሚለው ስም በአብዛኛው በአውስትራሊያ ለሚገኙት ግራሮች እንዲጸና ፈቀደ፤ በ2011 የሜልቦርኑ ጉባኤ ይህንኑ አጸደቀ። በዚህም ምክንያት የእኛ ግራር ዛሬ ቫቼሊያ ቶርቲሊስ ይባላል። ከጥምሩ ግማሹ ስለ ተለወጠ በመጻሕፍትና በካርታ ሁሉ ላይ ስሙ መታረም ነበረበት። በዕፀዋት ቤተ መዘክር ውስጥ ደርቆ በወረቀት ላይ የተለጠፈው ቅጠል ግን የተሰጠው የመዝገብ ቁጥር ስላለው፣ ስሙ ቢለወጥም ያው ቅጠል መሆኑ አያጠራጥርም።

እስካሁን የተመለከትነውን ወደ ሥርዓት ያመጡት ኤድጋር ኮድ የተባሉ ሊቅ ናቸው። እኚህ ሰው በእንግሊዝ ሀገር ተወልደው በአሜሪካ በአይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ማናቸውም መረጃ በሠንጠረዥ ሊደረደር እንደሚችል፣ የእያንዳንዱም ሠንጠረዥ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ዋና ቁልፍ ሊኖረው እንደሚገባ አስረዱ። ቁልፉ አንድ ዓምድ ወይም የብዙ ዓምዶች ጥምር ሊሆን ይችላል፤ ጥምር ሲሆን ግን ከተጣመሩት አንዱም ትርፍ መሆን የለበትም አሉ። ከላይ ስለ ዓመተ ምሕረትና ስለ ወንጌላዊው የተናገርነው ይህንኑ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ሌላውን ሲጠቅስ የተጠቃሹን ቁልፍ ይዞ እንደሚገኝም ገለጹ። ለዚህ ሥራቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በባንክ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራባቸው የመረጃ ቋቶች አብዛኞቹ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

አሁን በአዳሚ ቱሉ አካባቢ የእርሻ መሬት ይዞታን በኮምፒዩተር የሚመዘግብ ሠራተኛ እንዳለ እናስብ። ሦስት ሠንጠረዦች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የባለይዞታዎች፣ አንዱ የማሳዎች፣ ሦስተኛው የትኛው ማሳ የማን መሆኑን የሚያሳይ ነው። ባለይዞታውን በስም፣ በአባት ስም፣ በአያት ስምና በቀበሌ ጥምር ለይቶ ቢይዘው ምን ይደርስበታል?

አንደኛ፣ ሦስተኛው ሠንጠረዥና ከእርሱ በኋላ የሚመጡት የግብር፣ የካሣና የክርክር ሠንጠረዦች ሁሉ እነዚህን አራት ዓምዶች ደጋግመው መሸከም አለባቸው። ቀበሌው ከሌላ ቢዋሐድ ወይም ስሙ ቢለወጥ በሁሉም ቦታ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢዘነጋ ገበሬው ከግብር መዝገብ ተለይቶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የፊደላችን ነገር አለ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ አንድ ስም ነው ይላል፤ ኮምፒዩተር ግን ሦስት ስሞች ናቸው ይላል። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት እንደዚሁ ናቸው። በኦሮሚያ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ አንድ ገበሬ በአንድ ወረቀት በግዕዝ ፊደል፣ በሌላው በቁቤ ተጽፎ ይገኛል። ስሙ ራሱ ቁልፍ ከሆነ እያንዳንዱ የአጻጻፍ ልዩነት አዲስ ሰው ይፈጥራል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የዋና ቁልፍ ክፍል የሆነ ዓምድ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ይህ የሥራው ሕግ ነው። የአባት ስም የቁልፉ ክፍል ከሆነ አባቱ ያልታወቀ ሕፃን፣ ወይም በስደትና በረሀብ ዘመን ከወላጆቹ ተለይቶ ያደገ ሰው በምን ይመዘገባል? ጸሓፊው ወይ የሐሰት ስም ይሞላል፤ ወይም ሰውየውን ይመልሰዋል። በወረቀት ዘመን ደግ ጸሓፊ በኅዳግ ላይ ማስታወሻ ጽፎ ያሳልፈው ነበር። ኮምፒዩተር ግን ኅዳግ የለውም፤ በዓምድ አመራረጥ ላይ የተሠራ ግፍ በሰው ላይ የተሠራ ግፍ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ብዙ ባለሞያዎች ለእያንዳንዱ ረድፍ ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር መስጠትን ይመርጣሉ። ቁጥሩ ስምን፣ ቀበሌን፣ ትውልድን አይናገርምና እነዚህ ቢለወጡ እርሱ አይለወጥም። ሌሎች ሠንጠረዦችም አንዲት ዓምድ ብቻ ይሸከማሉ። ዳሩ ግን ነጠላ ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ማንን እየቈጠረ እንደ ሆነ አያውቅም። ያው ገበሬ ሰኞ ቢመጣ 501፣ ዐርብ ተመልሶ ቢመጣ 502 ይሰጠዋል። ቁጥሮቹ ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ መዝገቡ ምንም ጉድለት አይታይበትም፤ አንዱ ሰው ግን ሁለት ሆኗል። ማዳበሪያ ሲታደል ሁለት ጊዜ ይወስዳል፤ ሲሞት ደግሞ ወራሾቹ በግማሽ ርስቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ሌላው ግማሽ በሌላ ቁጥር ተጽፏልና። ጥምር መለያ ቢያስቸግርም ይህን ዐይነቱን ድግግሞሽ ከበር ይመልሰው ነበር።

በሌላ በኩል ጥምር ቁልፍ ፈጽሞ የሚገባበት ቦታ አለ። ወደ ሦስተኛው ሠንጠረዥ እንመለስ። በአማራም በኦሮሚያም የገጠር መሬት ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይመዘገባል፤ ስለዚህ አንድ ማሳ ሁለት ባለይዞታ፣ አንድ ባለይዞታም ብዙ ማሳ ይኖረዋል። ይህን ግንኙነት የሚይዘው ሠንጠረዥ እውነተኛ ቁልፉ የማሳው ቁጥርና የባለይዞታው ቁጥር ጥምር ነው። ይህ ጥምር አንዲት ሴት በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳትጻፍ ይጠብቃል፤ እርስዋንም ከባልዋ ጋር ማስፈር ስለሚፈቅድ መብቷን አያስቀርም። ቁልፉ የማሳው ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ማሳ አንድ ሰው ብቻ ስለሚጻፍ ሚስቲቱ ከመዝገቡ ውጭ በቀረች ነበር። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የውጤት ሠንጠረዥ በተማሪው ቁጥር፣ በትምህርቱ ዐይነትና በወሰነ ትምህርቱ ጥምር ሲታሰር አንድ ተማሪ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ በአንድ የትምህርት ዐይነት ሁለት ማርክ ሊኖረው አይችልም።

ስለ ጥምር ቁልፍ መምህራን ለተማሪዎች ሊያስገነዝቡት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ነው። በፊደል ተራ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ቃልን በመጀመሪያ ፊደሉ ለሚፈልግ ሰው ይረዳል፤ በመጨረሻ ፊደሉ ለሚፈልግ ግን አይረዳም። በወረዳ፣ በቀበሌና በቤት ቁጥር ተራ የተሠራ ማውጫም የወረዳውን ወይም የወረዳውንና የቀበሌውን ቤቶች ፈጥኖ ያወጣል፤ በቤት ቁጥር ብቻ ለሚጠይቀው ግን መዝገቡን ሁሉ መመልከት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥምር ቁልፍ የሚያዘጋጅ ሰው ባለጉዳዮች የሚጠይቁት በምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

የሌሎችን ሀገሮች ታሪክ ብንመለከት ወደዚሁ ፍርድ ይመራናል። በአሜሪካ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 መሰጠት የጀመረው የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር 9 አኃዞች ነበሩት፤ የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች ቁጥሩ የተሰጠበትን አካባቢ ያመለክቱ ነበር። ቁጥሩ ለተመልካች ነጠላ መስሎ ሲታይ በውስጡ ጥምር ነበር ማለት ነው። አካባቢዎቹ በሕዝብ ብዛት ስላልተመጣጠኑ የአንዱ ድርሻ ሲያልቅ የሌላው ይተርፍ ጀመር፤ የቁጥሩም ትርጉም መታወቁ ለአጭበርባሪዎች ግምት በር ከፈተ። ስለዚህ በ2011 አካባቢን መናገሩ ቀርቶ ቁጥሩ በዕጣ መልክ እንዲሰጥ ተደረገ። በቁጥር ውስጥ ትርጉምን መሸሸግ የጥምርን ድካም ይዞ የጥምርን ጥቅም ማጣት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በሀገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባን ሲደነግግ፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የዲጂታል መታወቂያን መሠረተ። ፋይዳ የተባለው ይህ መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከመሰጠቱ በፊት የተመዝጋቢው የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ አስቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ይመሳከራል። ሰውየው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው ይህ ማመሳከሪያ ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ያለ ማመሳከሪያው 12 አኃዝም ቢሆን 20 አኃዝ ሰውን ከራሱ ቅጂ ሊለይ አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ፍርድ ይህ ነው። ጥምርና ነጠላ ቁልፍ ተፎካካሪ ሆነው ሊታዩ አይገባም፤ ሥራቸው ልዩ ልዩ ነውና። ነጠላው ቁጥር የማስተሳሰር ሥራ አለው፤ ስም፣ ቀበሌና ዞን ቢለወጡ አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር አያይዞ ያቆያል። ጥምሩ የመጠበቅ ሥራ አለው፤ በእውን አንድ የሆነው በመዝገብ ሁለት እንዳይሆን፣ ሁለት የሆኑትም አንድ እንዳይሆኑ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙ ሠንጠረዦች ለሚጠቅሱት፣ ጠባዩም ሊለወጥ ለሚችል ነገር፣ ማለት ለሰው፣ ለማሳና ለከተማ ትርጉም የሌለው ነጠላ ቁጥር ይሰጠው፤ ነገር ግን ማሳውንና ቤቱን ከሌላው የሚለየው ጥምር «እንዳይደገም» በሚል ደንብ በዚያው ሠንጠረዥ ይታሰር። ሰው ግን በስም ጥምር ብቻ ሊታሰር አይገባም፤ መጀመሪያ ያነሣናቸው ሁለቱ ከበደዎች አንደኛው ከመዝገብ እንዳይከለከል፣ ተመሳሳይ ስም ሲገኝ ጸሓፊው አስተውሎ እንዲመረምር የሚያዝ ደንብ ይበጅለት። ሁለት ነገሮችን ለሚያገናኝ ሠንጠረዥ የሁለቱ ቁጥሮች ጥምር ራሱ ቁልፍ ይሁን። የድሮው ስምና የድሮው አድራሻም አይጣሉ፤ ከዘመናቸው ጋር ተጽፈው ይቀመጡ። ናዝሬት የሚል ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ ከአዳማ መዝገብ ራሱን የሚያገኘው በዚህ ነው።

ይህ ነገር ለባለሞያ ብቻ የሚተው አይደለም። ሠንጠረዡን የሚሠራው ባለሞያ ቢሆንም ቀበሌ እንደሚዋሐድ፣ ሚስት ከባል ጋር እንደምትመዘገብ፣ ኃይሉ በሦስት ፊደል እንደሚጻፍ፣ አባቱ ያልታወቀም ልጅ እንዳለ የሚያውቀው በመስኮቱ ፊት ከሕዝብ ጋር የሚውለው ሠራተኛ ነው። ይህን እውቀቱን ሥራው ሳይጀመር ለባለሞያው ቢያካፍል፣ ባለሞያውም ጠይቆ ቢሰማው፣ መዝገቡ ሕዝቡን የሚያውቅ መዝገብ ይሆናል። በትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶች ደግሞ ነገ ይህን ሥራ የሚረከቡ ናቸውና፣ ቁልፍ ሲመርጡ ከዓምዱ በስተኋላ የሰው መብት እንዳለ ከወዲሁ እንዲያስተውሉ አደራ እንላለን።